ቁልቢ ያልደረሰው እግር

ቤርሳቤህ ከባጃጁ ስትወርድ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከንጋት ጀምሮ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ባለው የአሠሪዋ ቤት ቆማ ነበር የዋለችው። ረመዳን ስለሆነ ሌሊት ለስሑር የተበላበትን ሰሃን ጠዋት ታጥባለች፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። አሁን አሥር ሰዓት አልፏል። ኮድቡር ሰፈር፣ የጽዋ ማኅበርተኞቿ በተከራዩት ቤት፣ ሁለተኛው ሥራዋ እየጠበቃት ነው።

በሩን ስትከፍት ጋሽ አቻምየለህ ቀኝ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ዓለምብርሃን ከፍራሹ አጠገብ ተቀምጦ በጋዜጣ ቁራጭ ዝንብ ያባርራል። የሠራበት የሲሚንቶ ብናኝ ገና ከቅንድቡ ላይ አልረገፈም።

"በሉ?" አለች ጫማዋን ሳታወልቅ።

"እምቢ አሉ።"

"መርፌውስ?"

"ሳይበሉ እንዴት ልውጋቸው? አትውጋ ያልሽኝ አንቺው ነሽ።"

የስኳር መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ የሽማግሌውን ጣት ወጋች፣ ቁጥሩን አየች፣ መልሳ ከተተችው። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የጠየቃት የለም። ፊቷ ላይ አንብበውታል።

ማኅበሩ አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ግንበኛ፣ ሴራሚክ ለጣፊ፣ የቤት ሠራተኛ። በከተማው ቄስ ስለሌላቸው በወር አንድ ቀን እዚህች ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባሉ። የማኅበር አለቃ በአገራቸው ልማድ ሙሴ ይባላል፤ የእነሱ ሙሴ ጋሽ አቻምየለህ ናቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት 31 ሜይ ሰፈር በሚገነባ ቤት ውስጥ ሚስማር ረገጡ። ስኳር እግራቸውን ስላደነዘዘው አልተሰማቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ሠርተው ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ነው ደሙን ያዩት። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰውም። ጠዋትና ማታ በሰዓቱ እየበሉ ኢንሱሊኑን ይወጋሉ፤ እስከ ቅዳሜ ስኳሩ ካልወረደና ቁስሉ ካልጠገገ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቆረጣል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ሽማግሌው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ አይበሉም። ማታም ቢሆን ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው፣ ከዚያ በቃኝ። ዐቢይ ጾም ነው ቢሉም የጾሙን ልክ አልፈውታል፤ ጾሙ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያስበላል፣ ለታመመማ ጭራሽ ይቀላል። የእሳቸው ሌላ ነገር ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ታማ ሳለ፣ ከዳነችልኝ ድንጋይ ተሸክሜ በእግሬ ቁልቢ ገብርኤል እወጣለሁ ብለው ተሳሉ። ልጅቱ ዳነች፤ አድጋም ተዳረች። እሳቸው ወደ ሐርጌሳ ሲመጡ በቁልቢ አጠገብ በአውቶቡስ አለፉ። ስመለስ እደርሳለሁ አሉ። ሲመለሱም አለፉ፣ እንደገና ሲመጡም አለፉ።

"ቁልቢ ልሄድበት የሚገባኝን እግር እግዚአብሔር ወሰደው" ብለው ነበር በመጀመሪያው ሳምንት። "የራሱን ነው የወሰደ። እኔ ማን ነኝና እከራከረዋለሁ?"

ለቀረው ስለት ካሳ ይሁን ብለው ጾሙን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሊፈታው የሚችለው ግን ንስሐ አባታቸው ብቻ ነው ይላሉ። ንስሐ አባታቸው ደግሞ ጋይንት ናቸው። በዚያ ወገን ስልክ መሥራት ካቆመ ወራት አልፏል።

ቤርሳቤህ ፋሻውን ፈታች። እዚህ ከመምጣቷ በፊት ኮምቦልቻ አራት ዓመት ነርስ ነበረች፤ ሽታው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቁስሉን አጥባ፣ አዲስ ፋሻ ጠቅልላ ስትጨርስ የተጠቀመችበትን ውሃ ለመድፋት ወደ ግቢው ወጣች። ዓለምብርሃን ተከተላት። ሁለቱ ከውሃ ታንከሩ ሥር ተቀመጡ።

"እስቲ ፈላስፋው፣ አንድ ነገር በል" አለችው። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምሮ ሴራሚክ ለጣፊ መሆኑን እንዲህ እያለች ነው የምታስታውሰው። እሱም አይከፋም።

"ያላልኳቸው ነገር የለም። እግዚአብሔር እግር አይቆርጥም አልኳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"'ታዲያ ምን ይሠራል?' አሉኝ።"

ቤርሳቤህ ፈገግ አለች። "እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቅህ።"

በዚህ ጉዳይ ለሁለት ዓመት ተከራክረዋል። ማኅበር ሲያልቅ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ። የእሱን ነገር በቃሏ ታውቀዋለች። እግዚአብሔር እንደ ንጉሥ ተቀምጦ የሚያዝዝ አይደለም፣ ይጣራል እንጂ አያስገድድም፤ ዓለም ሲታመም እሱም ይታመማል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ገና አልተጻፈም፣ ለእሱም ቢሆን። ይህን ያገኘው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ካነበበው መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን የራሱ አድርጎታል።

የእሷን ደግሞ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ሳለች፣ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆና እንደ ልማዷ ልትጸልይ ስትል፣ የሚሰማ እንደሌለ ገባት። አላለቀሰችም። የጎረቤት መብራት ሲጠፋ እንደማየት ነበር። ማኅበሩን ግን አልተወችም፣ ጾሙንም አልተወችም። የታመመ መጠየቅ፣ የሞተ መሸኘት፣ ብቻውን ያለን ሰው በወር አንዴ ከሰው ጋር ማስቀመጥ፤ ሃይማኖት ማለት ለእሷ ይህ ነው። ከላይ ያለውን ብታነሣው ከዚህ አንዱም አይጎድልም።

"ያንተው አምላክ እኮ የማይችል ነው" አለችው አሁን። "የማይችለውን ለምን ትለምነዋለህ? እንዳትቆጣው ብለህ አሳነስከው እንጂ።"

ዓለምብርሃን የሰው ነቀፋ ሲመጣበት እውነት ይኖረው እንደሆነ መጀመሪያ ማሰብ ይወዳል። "ሊሆን ይችላል" አለ። "እንዳልቆጣው ብዬ ይሆናል። አንቺ ግን ሲደክምሽ ከየት ነው የምታመጪው?"

"ምኑን?"

"የነገውን ጉልበት።"

"ከእንቅልፍ" አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሁለቱም በደንብ ከተኙ ሳምንት ሆኗቸዋል።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ መሀድ ፋርማሲ ጎራ አለች። ማኅበርተኞቹ ቤት ፍሪጅ ስለሌለ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጥላቸው መሀድ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ አማርኛው የድሬ ነው፣ ቀልዱም።

"ሙሴያችሁ በላ?"

"አልበሉም።"

"ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ እኔን ሊያሳፍረኝ ነው። እኔ ጤነኛው ጾሜ ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሰዓት አያለሁ።" ጠርሙሱን በበረዶ ላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣት። "በእኛ የታመመ ይፈቀድለታል። ፈቃዱን ከማንም አይጠብቅም። የእናንተ ግን በስልክ ነው የሚመጣው?"

መሀድ ለቀልድ ነው ያለው። ቤርሳቤህ ግን ከፋርማሲው ስትወጣ ቃሉ አብሯት ወጣ። በስልክ። የአክስቷ ልጅ ኢሳቅ ጅግጅጋ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፣ በልጅነቱ ግን ሦስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው። እዚያው መንገድ ዳር ቆማ ደወለችለት።

"ቄስ ሁንልኝ" አለችው።

"ምን?"

"አምስት ደቂቃ ብቻ። እግዚአብሔር ይፍታህ በላቸው፣ በሰዓቱ ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ በላቸው። ሽማግሌ ናቸውና ሳል ጨምርበት።"

ኢሳቅ አንገራገረ፣ ኃጢአት ነው አለ፣ ሊቆረጥ ያለ እግር መሆኑን ስትነግረው ግን እሺ አለ።

ለዓለምብርሃን ስትነግረው ፊቱ ተቀየረ። "አልችልም" አለ።

"አንተ ምንም አታደርግም። ዝም ብቻ በል።"

"ማሳመን ቢያቅትሽ ነው የምታታልያቸው። ማስገደድ ነው፣ ቤርሳ። አፍ ፈልቅቆ እንደማጉረስ ነው።"

"እግራቸው ይቆረጥ?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ሌላ መንገድ ንገረኝ።"

ዓለምብርሃን ስልኩ ሲደወል ወደ ግቢው ወጥቶ ቆመ። አልከለከላትም፤ ስለዚህም ነገሩ በከፊል የእሱም እንደሆነ ያውቀዋል።

ድምፁ ከፍ ተደርጎ በተከፈተው ስልክ ውስጥ ኢሳቅ ደህና አድርጎ ሠራው። መስመሩ እንደምንም ተገኘልኝ አለ። እያሳለ፣ እየተነፈሰ፣ "ልጄ አቻምየለህ፣ ስለቱን ለጊዜው አንሥቼልሃለሁ፤ ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ" አለ። ጋሽ አቻምየለህ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። "አሜን" አሉ። "አሜን አባቴ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።" ከዚያ ተኙ። ማታ እንደ ልማዳቸው ሦስት ጉርሻ በሉ። ቤርሳቤህ ለጠዋቱ ገብስ ገዝታ በእፎይታ ተኛች።

አርብ የእረፍት ቀኗ ነው። በጠዋት ተነሥታ አጥሚት ሠራች፣ ትንሽ አቀዝቅዛ በሳህን ይዛ ገባች። ዓለምብርሃን ከጎኗ ሰርንጁን ይዞ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ይነሡ። ትኩስ ነው።"

"ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አምጪልኝ።"

"ትላንት ተፈቱ እኮ።"

"ማን ፈታኝ?"

"ንስሐ አባትዎ ናቸዋ።"

ጋሽ አቻምየለህ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። "ንስሐ አባቴ በሕይወቴ አቻምየለህ ብለውኝ አያውቁም" አሉ። "እሳቸው ዘንድ ያለኝ ስም የክርስትና ስሜ ነው። ትላንት ሦስት ጊዜ ነው በዓለም ስሜ የተጠራሁት። ደግሞስ ቀኖና ሳይሰጥ የሚፈታ ቄስ የት አገር ነው ያለ? አንድ ስግደት እንኳ አላዘዘኝም። ድምፁ ግን ጥሩ ነው። ማነው?"

ቤርሳቤህ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። የክርስትና ስማቸውን እሷም አታውቀውም፤ ከማኅበሩ ማንም አያውቀውም። ይህን ሁሉ ስታሰናዳ ስም እንደሚያስፈልግ አላሰበችም።

"የአክስቴ ልጅ ነው" አለች። "ሹፌር ነው።"

"ሳሉ በዛ።"

ዓለምብርሃን አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ሲንቀሳቀስ ግን እየሳቀ እንደሆነ ታወቀበት።

"ታዲያ ለምን አሜን አሉ?" አለች ቤርሳቤህ።

"ላለማሳፈር። ደክሞሽ እንደመጣሽ አይቻለሁ።" ወደ እሷ ዞሩ። "አሁን ግን አንድ እውነት ስጪኝ። ቄስን ማስመሰል እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው አያደርገውም። አንቺ ታምኛለሽ?"

ከማኅበሩ ሊያስወጣት የሚችል ጥያቄ ነበር። ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር፤ ግን ለሁለተኛ ውሸት የሚሆን ጉልበት አልተረፋትም።

"የሚሰማ ያለ አይመስለኝም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ በየወሩ ጽዋ የምታነሺ ለማን ነው?"

"ለእናንተ።"

ሽማግሌው አልተቆጡም። ራሳቸውን ወደ ዓለምብርሃን አዞሩ። "አንተስ የተማርከው? አንተም የለም ባይ ነህ?"

"እኔ አለ ባይ ነኝ። እግርዎን ግን እሱ አልወሰደውም። ሚስማርና ስኳር ነው የወሰደው።"

"እሱ የት ነበር ያን ጊዜ?"

"እዚያው። ሚስማሩን ማንሣት የሚችል አይመስለኝም። ያመመው ግን ይመስለኛል።"

"የማይችል አምላክ።"

"ጋሼ፣ እኔና ቤርሳቤህ እጅዎን ብንይዝ ይህን አጥሚት ልናጎርስዎት እንችላለን። አቅም የለዎትም።"

"ምን ከለከላችሁ?"

"እንደዚያ የበላ ሰው በላ ይባላል?" ዓለምብርሃን ሰርንጁን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የደከመ ነበር፤ ለመርታት የሚናገር አይመስልም ነበር። "እሱም እንደዚያ ይመስለኛል። ማንኪያውን ይዞ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ አፍ አይፈለቅቅም። እምቢ ሲባል ያዝናል፣ ጠዋት እንደገና ይመጣል። ባለው ነገር ነው የሚመጣው፤ በሰውም፣ በገብስም። በንጉሥ ሳይሆን በአስታማሚ ነው የምመስለው።"

ጋሽ አቻምየለህ መሬት ላይ ያለውን ሳህን አዩ። ውጭ የጁምዓው መንገድ ገና ጸጥ እንዳለ ነው።

"ይደክመዋል?" አሉ በመጨረሻ።

"ምን?"

"እንደዚህ ሲመላለስ። ይደክመዋል ወይ?"

ዓለምብርሃን እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። "እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይደክመዋል።"

"እኔ አሥራ አንድ ዓመት የፈራሁት ሰይፉን ነው። ይደክመዋል ብሎ የነገረኝ የለም።"

"እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሼ፤ እኔም እንዲሁ..."

"ዝም በል እስቲ። አሁን አታበላሸው።" ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና የቤርሳቤህን እግር አዩ። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ሰርስሮታል። "አንቺስ? የሚሰማ ከሌለ አንቺን ማን ያሳርፍሻል?"

"እርስዎ" አለች። "ቢበሉ እተኛለሁ።"

"ጉድ ነው የተሰበሰበብኝ። አንዷ የለም ትላለች፣ አንዱ ደክሞታል ይላል።" አገጫቸውን ያዝ አደረጉ። "ግን ሁለታችሁም የምትሉኝ አንድ ነው።"

"አንድ እንኳ አይደለም" አለ ዓለምብርሃን።

"አይደለም" አለች ቤርሳቤህም።

"ለእኔ ሆድ አንድ ነው። አምጡት።"

ቤርሳቤህ ቸኩላ ስኳራቸውን ለካች፣ ዓለምብርሃን መርፌውን ወጋ። ሳህኑን ራሳቸው ይዘው፣ ማንኪያውን ራሳቸው እየጨበጡ በሉ። ቀስ ብለው፣ ከባድ ሥራ እንደሚሠራ ሰው፣ እስከ መጨረሻው። ሲጨርሱ ላብ አጥምቋቸዋል።

"ስለቱ አልተፈታም" አሉ ሳህኑን እየመለሱ። "ተላለፈ እንጂ። እግሩ ከዳነ እወጣለሁ፤ ድንጋዩን ግን ሦስታችን ነን የምንሸከመው። አንቺም።"

"እኔ ምን ብዬ ነው ቁልቢ የምሸከም?"

"ለእኔ ብለሽ። ለእኛ ነው አላልሽም?"

ሽማግሌው በእጃቸው ጠሯትና ጎንበስ ስትል በጆሮዋ አንድ ስም ነገሯት። "ገብረ ሩፋኤል ነኝ። ብሞት ለቄሱ የምትነግሩት ይህን ነው፤ ያለሱ ጸሎቱ አድራሻ የለውም። አንቺ ያዢው። አንቺ ነገር አትረሽም።"

"ለማያምን ሰው?" አለች።

"ዓለምብርሃን የማይችል አምላክ አምጥቶ አበላኝ። አንቺም የማታምኚበትን ስም ብትይዢልኝ ምን አለበት?"

ሁለቱ ግቢው ውስጥ ድስቱን ማጠብ ያዙ። ከዚያ ቤርሳቤህ፣ "የበሉት ለእኛ አዝነው ነው" አለች። "እግሬን አይተው ነው።"

"አልቃወምም።"

"እንግዲያው ያንተው ምን አደረገ?"

"አላውቅም። ምናልባት እግርሽን ያሳያቸው እሱ ነው።"

"ዓይን አላቸው እኮ።"

"አዎ" አለ ዓለምብርሃን። "ዓይን አላቸው።" ድስቱን አጠበና ፀሐይ ላይ ደፋው። የዚያን ቀን ከዚህ በላይ ለመከራከር አቅም አልነበራቸውም። ቤርሳቤህ ከዚያ በኋላ ተኝታ እስከ ምሽቱ የማግሪብ አዛን አልነቃችም።

ቅዳሜ ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ፣ ቁስሉን ገልጦ አይቶ፣ ቢላውን ለአንድ ሳምንት አዘገየው። ሁለት ጣት ሊሄድ ይችላል አለ፤ ቁርጭምጭሚቱን ግን እንጠብቅ። በየጠዋቱ መብላቱ ካልተቋረጠ።

እሑድ ጠዋት ቤርሳቤህ ጋአን ሊባህ፣ የአሠሪዋ የዴቆ ማድ ቤት ውስጥ ነበረች። ቤቱ ከስሑር በኋላ ተመልሶ ተኝቷል። የሌሊቱ ሰሃን እስከ ክርኗ ድረስ ተከምሯል። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ይላል፤ በእሷ አቆጣጠር አንድ ሰዓት። ዓለምብርሃን አሁን አጥሚቱን አቅርቦላቸዋል። ወይም ገና እያሞቀው ነው። ወይም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ከዚህ ሆና ምንም ማድረግ አትችልም። ነርስነቷ እዚያ አይደርስም፣ እጇም አይደርስም። ሁለቱም እጆቿ ውሃ ውስጥ ናቸው።

"ገብረ ሩፋኤል ይብላ" አለች።

ድምፅ አውጥታ እንደተናገረች ያወቀችው ከኋላዋ የዴቆን ኮቴ ስትሰማ ነው። ዴቆ ዓይኗ በእንቅልፍ እንደተጨፈነ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወጣት ሳለች ሐረር ተምራለችና አማርኛ አትቸገርም።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ቤርሳቤህ ውሃው ውስጥ ያለውን ሰሃን ያዘች። ከማንም ጋር አይደለም ልትል ነበር፤ ትላንት ቢሆን ትለው ነበር።

"የታመመ አለብኝ" አለች። ሰሃኑን አለቅልቃ ቀጣዩን አነሣች።